ኮዱ የት ነው የሚኖረው? ፍላሽ፣ ራም እና የሄደው መብራት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ ሰው ወተትና እርጎ የሚያስቀምጥበት ቀዝቃዛ ክፍል አለው። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ስልኬ ላይ መልእክት የሚልክ ነገር ሥራልኝ አለኝ። በድሬ ሙቀት ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ መብራት ሄዶ ሁለት ሰዓት ከቆየ ወተቱ አበቃለት። ብሉ ፒል የሚሏትን ትንሽ ቦርድ፣ አንድ የሙቀት ሴንሰርና አንድ የሲም ካርድ ሞጁል አገናኝቼ ሠራሁለት። ኮዱን ከላፕቶፔ ጫንኩ፣ ሠራ። የዲበገሩን (ኮድ የሚጭነውና ስህተት ለማደን የሚያገለግለው መሣሪያ) ገመድ ነቀልኩ፣ አሁንም ሠራ። ሰውየው ደስ ብሎት ሻይ ጋበዘኝ።

ሻዩን ሳልጨርስ መብራት ሄደ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ ቦርዷ ሴንሰሩንም ሲም ካርዱንም ረስታ አንዷን ሚጢጢ አምፖል ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ሌላ ምንም የለም። ሰውየው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ «አቦ! ይሄ ነገርህ ሠርግ አለበት እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ፣ ሐፍረቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ፕሮጀክቱን የጀመርኩት አንድ የድሮ ፕሮጀክት ኮፒ አድርጌ ነበር። ያ የድሮው ደግሞ ኮዱን ፍላሽ ላይ ሳይሆን ራም ላይ እንዲጭን የተስተካከለ ነበር። ረስቼዋለሁ። መብራት ሲሄድ ራሙ ባዶ ሆነ፣ ሲመለስ ቦርዷ ፍላሽ ላይ ያገኘችውን ማስኬድ ጀመረች፤ እዚያ የነበረው ከወር በፊት ለልምምድ የጻፍኩት አምፖል ማብሪያ ነው።

እንግዲህ ኮድን ከራም ወይስ ከፍላሽ ማስኬድ የሚለውን ነገር ከዚህ እንጀምር። ብዙ ሰው አንድ ቦታ የሚጫን ማብሪያ ማጥፊያ ይመስለዋል። አይደለም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች መስማማት አለባቸው፣ አንዱ ካልተስማማ ሌሎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

መጀመሪያ ግን ቃላቱን እናጥራ፣ ምክንያቱም «ፍላሽ» ስንል ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ያለው ፋይል መያዣ ነው የሚመጣበት። ስልክ ጠጋኝ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ «ፍላሽ ይደረግ» ማለት ስልኩ እንደ አዲስ ሶፍትዌር ይጫንበት ማለት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። እኛ የምናወራው ማይክሮኮንትሮለሩ ቺፕ ውስጥ ስላለው ፍላሽ ነው። ብሉ ፒል ላይ ያለው ኤስቲኤም32ኤፍ103 በወረቀቱ 64 ኪሎባይት ፍላሽ እና 20 ኪሎባይት ራም አለው። ልብ በሉ፣ ኪሎባይት ነው። ስልክ ስትገዙ «ራሙ ስንት ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁት በጊጋባይት ነው፣ ይሄኛው ከዚያ ጋር ሲወዳደር አንድ ጭብጥ ቆሎ ነው።

ሐረር ጁገል ውስጥ ቁርአን ቤት የቆጠረ ሰው ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። ልጁ የዕለቱን ትምህርት ሉሕ ላይ ይጽፋል፣ ያ የእንጨት ሰሌዳ ማለቴ ነው። ሲሸመድደው ሉሑ ይታጠባል፣ ነገ ሌላ ይጻፍበታል። ኪታቡ ግን አይታጠብም፤ ተደጉሶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ልጅ ልጁም ያነበዋል። ራም ሉሑ ነው፤ ለመጻፍ ፈጣን፣ ለመጥፋትም ፈጣን። ፍላሽ ኪታቡ ነው። አንድ የማይመሳሰል ነገር አለ፦ ሉሑ ሰው እስኪያጥበው ይቆያል፣ ራሙ ግን ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በራሱ ነው የሚታጠበው።

ፍላሽ መረጃውን የሚይዘው እያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን አጥሮ በማስቀመጥ ነው፣ ለዚህ ነው መብራት ቢሄድም የማይረሳው። ችግሩ መጻፍና ማጥፋት ያደክመዋል። የዚህ ቺፕ አምራች ዋስትና የሚሰጠው ለ10,000 ጊዜ ነው። ያን ያህል ከተጻፈበት በኋላም በ55 ዲግሪ ሙቀት 20 ዓመት ይይዛል ይላሉ፣ ስለዚህ የድሬ ፀሐይ አያሰጋውም። ደግሞ አንድ ባይት ብቻ ልሰርዝ ብትሉ አይሆንም፤ የሚሰረዘው ገጽ በገጽ ነው፣ እዚህ ቺፕ ላይ አንዱ ገጽ 1 ኪሎባይት ነው። ራሙ ደግሞ አንድ ቢት ለመያዝ ብዙውን ጊዜ 6 ትራንዚስተር ይፈልጋል። ቺፑ ላይ ቦታ ስለሚበላ ነው ራም ሁሌም ትንሽ የሚሰጡን።

ታዲያ ለምን ኮዱን እዚያ ጠባብ ራም ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል?

አንዱ ምክንያት ለሙከራ ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ ኮድ ቀይራችሁ የምትጭኑ ከሆነ፣ ፍላሹን በየጊዜው ሰርዞ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል፣ ዕድሜውንም ይበላል። ራም ላይ መጫን ግን ወዲያው ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ዲበግ ስታደርጉ ፕሮግራሙን የምታስቆሙባቸው ነጥቦች፣ ብሬክፖይንት የምንላቸው፣ ፍላሽ ላይ ሲሆኑ የሃርድዌር እርዳታ ይፈልጋሉ፤ የዚህ ቺፕ ፕሮሰሰር፣ ኮርቴክስ ኤም3፣ ደግሞ ለዚህ የሚሰጣችሁ 6 ብቻ ነው። ራም ላይ ግን ዲበገሩ ትእዛዙን አንስቶ በቦታው «እዚህ ቁም» የሚል ትእዛዝ ይጽፋል። ራም ስለሆነ መጻፍ ይችላል፤ የፈለጋችሁትን ያህል አስቀምጡ። እኔ ያን የድሮ ፕሮጀክት ራም ላይ ያደረግኩት ለዚህ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነበር፣ መርሳቴ ነው የጎዳኝ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍጥነት ነው ይላሉ፣ እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። እውነት ነው፣ ፍላሽ ከፕሮሰሰሩ ይዘገያል። ኤፍ103 እስከ 24 ሜጋኸርዝ ድረስ ፍላሹን ያለ ጥበቃ ያነባል፣ ከዚያ እስከ 48 አንድ ዑደት፣ ማለትም አንድ የፕሮሰሰር ምት፣ ይጠብቃል፣ ከ48 እስከ 72 ሁለት ይጠብቃል። ይሄን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም ወደ ራም!» ይላል። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ቺፑ ፍላሹን አስቀድሞ እያነበበ የሚያዘጋጅ ትንሽ መቆያ አለው፣ ኮዱ በተከታታይ እየሄደ ከሆነ ጥበቃው ብዙም አይሰማም። ከዚህ በላይ ደግሞ ኮርቴክስ ኤም3 ከፍላሽ ትእዛዝ የሚያመጣበት መንገድ ለብቻው ነው፣ ራሙ ጋ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ኮዱን ራም ውስጥ ስትከቱት ትእዛዙም ዳታውም በዚያው አንድ መንገድ መመላለስ ይጀምራሉ። ሁለት በር ያለው ሱቅ አንዱን በር ዘግቶ ገቢውንም ወጪውንም በአንዱ እንዳደረገው ማለት ነው፣ ይጋፋል። ስለዚህ በዚህ ቺፕ ላይ ኮድ ወደ ራም ስለሄደ ብቻ ይፈጥናል ማለት አይቻልም፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይዘገያል። ቺፑ ውስጥ ዑደት የሚቆጥር ሬጂስተር፣ ማለትም ትንሽ የቁጥር መያዣ፣ አለ፤ ከፍታችሁ በሁለቱም መንገድ ለኩ፣ ከዚያ ወስኑ። ለፍጥነት ተብለው የተሠሩ ራሞች ያሏቸው ቺፖች አሉ፣ ለምሳሌ ኤስቲኤም32ኤፍ7 እና ኤች7 ላይ ለትእዛዝ ብቻ የተለየ ፈጣን ራም አለ፤ እነሱ ጋ ነገሩ ሌላ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። ኤስቲኤም32ኤፍ407 ላይ 64 ኪሎባይት የሆነ ለብቻው የተቀመጠ ፈጣን ራም አለ። ስሙም አድራሻውም ኮድ አስቀምጡብኝ የሚል ነው የሚመስለው። ግን ከዳታ መንገድ ጋር ብቻ ነው የተገናኘው፣ ትእዛዝ ከዚያ ማምጣት አይቻልም። ኮድ ከከተታችሁበት ፕሮግራሙ እዚያ ዘሎ በገባበት ቅጽበት ይሞታል። ኤፍ303 ላይ ያለው ተመሳሳይ ራም ግን ኮድ ያስኬዳል። ስለዚህ ከጎረቤት ቺፕ ልምድ ተበድራችሁ አትሥሩ፣ የራሱን ሰነድ ክፈቱ።

ሦስተኛው ምክንያት እኔ በጣም የማከብረው ነው። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም የዚያው የወተት ቤት ሁለተኛ ውርደቴ እሱ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሦስቱ ነገሮች። አንደኛ፣ ሊንከሩ ኮዱ የት አድራሻ ላይ ይቀመጣል ብሎ ነው የሚያስበው? ሁለተኛ፣ እዚያ አድራሻ ላይ ኮዱን በተግባር የሚያስቀምጠው ማነው? ሦስተኛ፣ ፕሮሰሰሩን «ከዚህ ጀምር፣ ኢንተረፕት ሲመጣም እዚህ ተመልከት» የሚለው ማነው? ኢንተረፕት ማለት ፕሮሰሰሩ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ሌላ ነገር እንዲያይ የሚጠራው ምልክት ነው።

ሊንከር ማለት ኮምፓይለሩ የተረጎማቸውን ቁርጥራጮች ሰብስቦ ለእያንዳንዱ አድራሻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። መመሪያው የሚጻፍበት ፋይል ሊንከር ስክሪፕት ይባላል። ስትከፍቱት መጀመሪያ ላይ ሁለት መስመር ታገኛላችሁ፦ ፍላሽ መነሻው 08000000 ነው ርዝመቱ 64 ኪሎባይት፣ ራም መነሻው 20000000 ነው ርዝመቱ 20 ኪሎባይት። ቁጥሮቹ በሄክስ፣ ማለትም በ16 ቤት የተጻፉ ናቸው፤ ሃያ ሚሊዮን እንዳይመስላችሁ። ከታች ደግሞ ክፍሎቹ ይመጣሉ። ቴክስት የሚባለው ኮዱ ነው። ዳታ የሚባለው መነሻ ዋጋ ያላቸው ተለዋዋጮች ናቸው። ቢኤስኤስ የሚባለው ከዜሮ የሚጀምሩት ናቸው።

እዚህ ላይ ዳታ የሚባለውን ክፍል ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ውስጥ ነው። «ገደብ ማለት 8 ነው» ብላችሁ አንድ ተለዋዋጭ ጻፋችሁ እንበል። ተለዋዋጭ ስለሆነ ራም ላይ መሆን አለበት። ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ 8 የሚለው ከየት ይመጣል? ራሙ ረስቶታል። ስለዚህ 8 ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ቦርዱ ሲነሳ ገና ዋናው ፕሮግራማችሁ ሳይጀመር መነሻ ኮድ የሚባለው ከፍላሽ ወደ ራም ይገለብጠዋል። አንድ ነገር፣ ሁለት አድራሻ፦ የሚያድርበትና የሚውልበት። ሊንከሩ ይሄን ያውቃል፣ ስክሪፕቱ ውስጥ «ራም ላይ ይዋል፣ ፍላሽ ላይ ግን ይደር» የሚል መስመር አለ። ይሄ የገባው ሰው የቀረው ቀላል ነው፤ ኮድንም እንደ ዳታ ማሳደርና ማዋል ይቻላላ!

ወደ ሙሉ ራም እንሂድ፣ ማለትም እኔን ያዋረደኝ ዓይነት። ስክሪፕቱ ውስጥ የኮዱን መነሻ ከ08000000 ወደ 20000000 ትቀይራላችሁ። 20ውን ኪሎባይት ግን ለሁለት መክፈል አለባችሁ፣ ኮዱም ዳታውም እዚያው ናቸው። ለምሳሌ 12 ለኮድ፣ 8 ለዳታና ለስታክ (ፕሮግራሙ ሲሄድ ጊዜያዊ ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ)። ያኔ የዳታው መነሻ 20003000 ይሆናል፣ የራሙ ጫፍ ደግሞ 20005000። መክፈሉን ረስታችሁ ሁለቱንም ከ20000000 ካስጀመራችኋቸው ኮዱና ተለዋዋጮቹ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ሊንከሩም ሁለት የተለያየ ቦታ ስለመሰለው ላይናገራችሁ ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማን ያስቀምጠዋል? በዚህ አሠራር ዲበገሩ ነው። በገመዱ በኩል በቀጥታ ራሙ ላይ ይጽፋል። ገመዱ ከሌለ የሚያስቀምጥ የለም። በቃ፣ የሠርጉ ምስጢር ይሄው ነው።

ሦስተኛው ላይ ሰው ብዙ ይቸገራል። ኮርቴክስ ኤም3 ሲነሳ ቬክተር ቴብል ከሚባለው የአድራሻዎች ሠንጠረዥ ሁለት ቁጥር ያነባል። የመጀመሪያው የስታክ ጫፍ ነው፣ በእኛ ምሳሌ 20005000። ሁለተኛው የመጀመሪያው ኮድ አድራሻ ነው። ከዚያ በታች ያሉት የኢንተረፕቶች አድራሻዎች ናቸው፦ ሰዓት ሲደርስ እዚህ ሂድ፣ ሲሪያል ባይት ሲመጣ እዚያ ሂድ እያለ። ቦርዷ በተለመደው ሁኔታ ስትነሳ ይሄን ሠንጠረዥ የምትፈልገው ፍላሽ ላይ ነው። እናንተ ግን አዲሱን ሠንጠረዥ ራም ላይ አስቀምጣችሁታል። ዲበገሩ ስታኩንና መነሻውን በእጁ አስተካክሎ ሊያስጀምርላችሁ ይችላል፣ ፕሮግራሙም ይሄዳል። ደስ ይላችኋል። ከዚያ የመጀመሪያው ኢንተረፕት ሲመጣ ፕሮሰሰሩ አሁንም ፍላሽ ላይ ያለውን የድሮ ሠንጠረዥ ነው የሚያየው።

ድሬ የመጣ እንግዳ ባጃጅ ይዞ «ባቡር ጣቢያ ውሰደኝ» ቢል፣ ሹፌሩ ዝም ብሎ መሀል ከተማ ያለው የድሮው ጣቢያ ሊያደርሰው ይችላል። ሕንፃው አለ፣ ስሙም ያው ነው። የጅቡቲው አዲስ ባቡር ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ጣቢያ ነው የሚነሳው። ኢንተረፕታችሁም እንደዚሁ የድሮው ጣቢያ ደርሶ ይቆማል። ከመቆም ይብሳል እንጂ፦ እዚያ የድሮ ፕሮግራም ስላለ የድሮው ኮድ ይነሳና የራሱ ተለዋዋጮች የነበሩበት የራም አድራሻ ላይ ይጽፋል። አሁን ያ አድራሻ የአዲሱ ኮድ ነው። ከዚህ በኋላ የሚታየው ምልክት በየቀኑ የተለያየ ነው፣ ሰው እብድ የሚያደርግ ዓይነት። «ዋናው ፕሮግራም ይሠራል፣ የሚሊሰከንድ ጥበቃ ላይ ግን ድርቅ ይላል» ካላችሁ ዘጠና እጅ ይሄ ነው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቬክተር ቴብሉ የት እንዳለ የሚይዝ ሬጂስተር አለ፣ ፕሮግራሙ ሲጀምር እዚያ ላይ 20000000 መጻፍ። ከአምራቹ በሚመጣው ሲስተም ፋይል ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ፣ ስሙ ቬክተር ቴብል በኤስራም የሚል፣ ኮሜንት ሆኖ የተዘጋ መስመር አለ፤ እሱን መክፈት ነው። ሠንጠረዡ የሚጀምርበት አድራሻ ለ512 ያለ ቀሪ የሚካፈል ይሁን። ኮርቴክስ ኤም0 ያላቸው ርካሽ ቺፖች፣ ለምሳሌ ኤፍ030፣ ይሄ ሬጂስተር ጭራሽ የላቸውም፤ እነሱ ላይ ሠንጠረዡን ራሙ መጀመሪያ ላይ ገልብጦ ከአድራሻ ዜሮ የሚታየው ራሙ እንዲሆን በሌላ ሬጂስተር ማዞር ነው።

ብሉ ፒል ላይ ሁለቱን ቢጫ ጃምፐሮች አይታችኋቸዋል? ቡት 0 እና ቡት 1 ናቸው። ቡት 0 ዜሮ ላይ ከሆነ ከፍላሽ ትነሳለች። ቡት 0 አንድ፣ ቡት 1 ዜሮ ከሆነ ፋብሪካው ውስጥ ከተጻፈው ቡትሎደር፣ አዲስ ኮድ ከሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም። ሁለቱም አንድ ከሆኑ ከራም። ታዲያ ይሄ የመጨረሻው አንዳንዱን ሰው ያሳስተዋል። ሪሴት ቁልፉን ሲጫን ፕሮግራሙ እንደገና ይነሳል፣ «እንግዲህ ተጽፏል» ይላል። ሪሴት ግን ኤሌክትሪኩን አያቋርጥም፣ ራሙ የያዘውን እንደያዘ ነው። ቁልፉን መቶ ጊዜ ብትጫኑ መብራት ኃይል የሚጠይቃችሁን ጥያቄ አይጠይቃችሁም።

አሁን ወደዚያ ሁለተኛ ውርደቴ። ቦርዷን ፍላሽ ላይ በትክክል ጫንኩ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሷ ትነሳለች፣ ሰላም ሆነ። ከሳምንት በኋላ ሰውየው ደወለ፦ «በመልእክት ገደቡን ስቀይር አንዳንዴ አይመልስልኝም።» ሄድኩ። ሞከርኩት፣ እውነቱን ነው። ሁሌም አይደለም፣ አንዳንዴ። አንዳንዴ የሚባል ጥፋት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አዲሱ ገደብ ሲመጣ መብራት ቢሄድም እንዳይጠፋ ፍላሹ ላይ የመጨረሻው ገጽ ውስጥ እጽፈዋለሁ። ለመጻፍ ገጹን መሰረዝ አለብኝ። መሰረዝ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ፍላሹ ሥራ ላይ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ከዚያው ፍላሽ ቀጣዩን ትእዛዝ ላምጣ ሲል ይቆማል። ኮዱ በሙሉ ፍላሽ ላይ ነው፣ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ቆመ ማለት ነው። የሲም ሞጁሉ ግን አልቆመም፤ በ9600 ፍጥነት በሰከንድ ወደ 960 ባይት እያወራ ነው። በ20 ሚሊሰከንድ 19 ባይት፣ በ40 ደግሞ 38 ባይት ያልፋል። የዚህ ቺፕ ሲሪያል መቀበያ ደግሞ የሚይዘው አንድ ባይት ነው፣ እሱ ሳይነሳ ሌላ ከመጣ አዲስ የመጣው ይጠፋል። እኔ ገጹን ስሰርዝ ሞጁሉ የሚናገር ከሆነ ግማሽ አረፍተ ነገር ነው የምሰማው። ዝም ያለበት ጊዜ ከሆነ ምንም አይፈጠርም። «አንዳንዴ» የተባለው ለዚህ ነው።

ያልኳችሁ ሦስተኛው ምክንያት ይሄ ነው። የቆሙበትን ወለል እያጠቡ መቆም አይቻልም፤ ፍላሹ ሲሰረዝ መሥራት ያለበት ኮድ ሌላ ቦታ መሆን አለበት። ሁሉም ኮድ ግን አይደለም፣ ጥቂቱ ብቻ። የሲሪያሉን ባይት ተቀብሎ ቋት ውስጥ የሚያስቀምጠው ኢንተረፕት እና ገጹን የሚሰርዘው ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ይበቁ ነበር። ኮምፓይለሩን «ይሄን ፈንክሽን ራምፈንክ የሚባል ክፍል ውስጥ አድርገው» ትሉታላችሁ፤ የኤስቲኤም32 መሣሪያ የሚያዘጋጀው ሊንከር ስክሪፕት ያንን ክፍል ብዙውን ጊዜ ከዳታው ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ፍላሽ ላይ ያድራል፣ ቦርዷ ስትነሳ ወደ ራም ይገለበጣል፣ ራም ላይ ይውላል። ቅድም ያልኩት 8 ቁጥር እንዳደረገው። መብራት ቢሄድ ቅጂው ፍላሽ ላይ አለ፣ ሠርግ የለም።

አደረግኩት። አልሠራም።

ሠንጠረዡን ረስቼ ነበር። የኢንተረፕቱ ኮድ ራም ላይ ነው፣ አድራሻውን የሚናገረው ቬክተር ቴብል ግን ፍላሽ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ «የት ልሂድ?» ብሎ ፍላሹን ሲጠይቅ እዚያው ቆመ። ሠንጠረዡንም ወደ ራም ገለበጥኩ፣ ሬጂስተሩን አዞርኩ። አሁንም አንዳንዴ! ያን ጊዜ አቦ ራሴን ያዝኩ። ለካ የራሙ ፈንክሽን ውስጥ አንድ ትንሽ ማባዣና መገልበጫ ፈንክሽን እጠራለሁ፣ እሷ ፍላሽ ላይ ናት። ራም ላይ ያለ ፈንክሽን የሚጠራው ሁሉ፣ የሚያነበው የማይለወጥ ቁጥር ሁሉ ራም ላይ መሆን አለበት። አንዳንዴ ደግሞ እናንተ ያልጻፋችሁትን ኮምፓይለሩ ራሱ ይጠራል፣ ለማካፈል ወይም ትልቅ ነገር ለመገልበጥ።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ፣ በአጭሩ። ኮምፓይለሩ ፈንክሽናችሁን ትንሽ ነው ብሎ የጠራው ፈንክሽን ውስጥ ሊቀላቅለው ይችላል፣ ያኔ ተመልሶ ፍላሽ ላይ ነው፤ «አትቀላቅል» የሚል ምልክት አድርጉበት። ሌላው ርቀት ነው። በዚህ ፕሮሰሰር ተራው የጥሪ ትእዛዝ የሚደርሰው ወደ ፊትም ወደ ኋላም 16 ሜጋባይት ነው፣ ከ08000000 እስከ 20000000 ያለው ግን 384 ሜጋባይት ነው። ሊንከሩ መሀል ላይ ትንሽ መሸጋገሪያ ኮድ ያስገባላችኋል፣ ብዙውን ጊዜ ሳትሰሙ። ከፍላሽ ወደ ራም ሲጠራ መሸጋገሪያው ፍላሽ ላይ መሆኑ ችግር የለውም። ግን መኖሩን እወቁ፣ ዲበግ ስታደርጉ ያልጻፋችሁት ነገር ሲመጣ እንዳትደነግጡ።

ሌሎቹን ቺፖች ሮጥ ብዬ ልለፋቸው። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለው ኤትሜጋ328ፒ ይሄን ሁሉ ጣጣ አያውቅም፤ የኮድና የዳታ ሜሞሪው ፈጽሞ የተለያዩ ስለሆኑ ከራም ኮድ ማስኬድ አይችልም፣ ራሙም 2 ኪሎባይት ነው። ኢኤስፒ32 ኮዱን የሚያነበው ከውጭ ፍላሽ በካሽ፣ ማለትም በፈጣን መቆያ፣ በኩል ነው፣ ፍላሽ ሲጻፍ ካሹ ይዘጋል፣ ስለዚህ በዚያ ጊዜ መሥራት ያለበት ኢንተረፕት የውስጥ ራም ላይ እንዲሆን ምልክት ይደረግበታል። ያው የእኔ በሽታ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ደግሞ ደስ ይላል። ቺፑ ውስጥ ፍላሽ የለም፣ ቦርዱ ላይ 2 ሜጋባይት ፍላሽ ለብቻው ተቀምጧል፣ ራሙ ግን 264 ኪሎባይት ነው። በግንባታ ፋይሉ ላይ በአንድ መስመር ሦስት ምርጫ አላችሁ፦ ከፍላሽ ይሂድ፤ ፍላሽ ላይ ይደርና ሲነሳ ሙሉው ወደ ራም ይገልበጥ፤ ወይም ፍላሽ ጭራሽ አይነካ። ሁለተኛው መብራት ሲሄድ ይተርፋል። ሦስተኛው ከእኔ ሠርግ ቤት ነው።

በመጨረሻ ኮዳችሁ በእርግጥ የት እንዳለ እንዴት ታያላችሁ? ሁለት መንገድ። ሊንከሩ ሲጨርስ ማፕ ፋይል የሚባል ጽሑፍ ማውጣት ይችላል፤ የፈንክሽናችሁን ስም ፈልጉ፣ አጠገቡ ያለው አድራሻ በ08 ከጀመረ ፍላሽ ነው፣ በ20 ከጀመረ ራም ነው። ወይም ዲበገሩ ላይ አስቁማችሁ ፕሮግራም ካውንተሩን፣ የትእዛዙን አድራሻ የሚይዘውን ሬጂስተር፣ እዩ። ያው ነው፣ 08 ወይ 20። ያን ቀን ከዚራ ላይ ይሄን ቁጥር ለአንድ ሰከንድ ባየው ኖሮ 20 ብሎ ይነግረኝ ነበር፣ ሻዩንም በሰላም እጠጣ ነበር።

ሁለተኛውን ጥገና ስጨርስ ሰውየው አላመነኝም፣ እውነቱን ነው። «ሶኬቱን ንቀልና አስር ቁጠር» አልኩት። ለምን አስር አለኝ። ወዲያው ነቅለህ ወዲያው ከመለስከው ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ራሙን ለትንሽ ጊዜ ሊያቆየው ይችላል፣ ያኔ ሳይጠፋ የተረፈ ይመስላል አልኩት። ነቀለ፣ በሶማሊኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ አስር ቆጠረ፣ ስድስት ላይ ሲደርስ እኔን አየት አደረገና ቀጠለ። መለሰው። አምፖሏ ብልጭ አላለችም፤ ስክሪኑ ላይ 6 ዲግሪ የሚል መጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።